በባዶ እጅ ቡና ማፍላት፦ ዕቃ በሌለበት መድረክ ላይ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፤ በአንድ አማተር የቴአትር ክበብ ውስጥ እሠራለሁ። አሁን የያዝነው ተውኔት መድረኩ ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው። እኔ ልጇን ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የምትሸኝ እናት ነኝ። ውሃ ተሸክሜ እገባለሁ፣ እንጀራ እጋግራለሁ፣ ቡና አፈላለሁ፤ ሁሉም በባዶ እጅ ነው። ለጓደኞቻችን ስናሳያቸው ሳቁብኝ። አዘጋጁ ‹ስሜቱ ይኑርሽ› ይለኛል። ስሜቱስ አለኝ፤ እጄ ግን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ምን ላድርግ? ሲኒው እንኳ እውነተኛ ቢሆን አይሻልም?»

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። መጀመሪያ ስለ ሳቁ። ሰው ባዶ እጅ ሲያይ መጀመሪያ ላይ መሳቁ አይቀርም፤ ጨዋታው ምን እንደሆነ ገና እየለመደ ነው። ለእሱ አትጨነቂ። ከዚያ በኋላም መሳቁን ካላቆመ ግን አንድ ነገር አላመነም ማለት ነው። ከአጻጻፍሽ የአንቺ ጓደኞች እዚህኛው ላይ የደረሱ ይመስለኛል፤ ስለዚህ እሱን እናውራ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበልና ዝርዝሩን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ዕቃውን ለማሳየት አትልፊ፤ ሥራውን ሥሪው። ጀማሪ ተዋናይ ጀበና «ሲይዝ» ሐሳቡ በሙሉ ጣቱ ላይ ነው። «ይኸው ጀበና ይዣለሁ፣ እመኑኝ» እያለ ይለማመጣል። ተመልካቹም የሚያየው ጣት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለች እናት ግን ጀበና ስትይዝ ስለ ጀበና አታስብም። ቡናው እንዳይገነፍል ትጠብቃለች፣ እንግዳው እንዳይቸኩል ታጫውታለች፣ የልጇን ፊት በጎን ታያለች። ጀበናው የሚታመነው ከዚህ ሁሉ መሀል ነው።

«ስሜቱ ይኑርሽ» ለሚለው፣ አዘጋጅሽን አትቀየሚው፤ ብዙዎቻችን የምንለው ሌላ ሲጠፋን ነው። ስሜት በትእዛዝ አይመጣም። ክብደት ግን ይመጣል። «ጉልበትሽን እጠፊ፣ ትከሻሽን ወደ ግራ ጣዪው» ብልሽ ወዲያው ታደርጊዋለሽ። የሞስኮን የጥበብ ቴአትር በ1898 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ስታኒስላቭስኪ ተማሪዎቹን በባዶ እጅ ገንዘብ ያስቆጥራቸው ነበር። ዝም ብሎ ጣት ማፍተልተል አልነበረም። እያንዳንዷን ትንሽ እንቅስቃሴ በቅደም ተከተሏ ይጠይቃቸዋል፤ አንዷን ዘለው ካለፉ ይመልሳቸዋል። ትንንሾቹ ነገሮች እውነት ሲሆኑ ሰውነት ራሱ ያምናል፤ ሰውነት ሲያምን ስሜቱ ከኋላ ይደርሳል። እኔም የማምነው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ በተገላቢጦሹ ሲሆን ሲሠራ ያየሁት እምብዛም ነው።

በውሃው እንጀምር፤ እሱ ከተስተካከለ ሌላው ይቀላል። ቢጫዋን ጀሪካን ታውቂያታለሽ፤ 20 ሊትር ስትይዝ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። መድረክ ላይ ግን ሰው በባዶ እጅ ጀሪካን ሲያነሳ ክንዱን ብቻ ነው የሚያጥፈው። 20 ኪሎ በክንድ አይነሳም። እውነተኛው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እግር ቦታ ይይዛል። ጉልበት ይታጠፋል። ትንፋሽ ይያዛል። እጅ እጀታውን ከያዘ በኋላ ለቅጽበት ምንም አይነቃነቅም፤ ክንዱ ይወጠራል እንጂ ጀሪካኑ ገና መሬት ላይ ነው። ከዚያ ይነሳል፤ ሲነሳ ደግሞ ሰውነት ወደ ሌላው ጎን ያጋድላል፣ ባዶው እጅ ከጎን ይርቃል፣ እርምጃው ያጥራል። ቀኝ እጅሽ ከያዘ የምታጋድዪው ወደ ግራ ነው። ይቺን ብዙዎች ይገለብጧታል፤ ወደያዙበት ጎን ሲያዘነብሉ ሰካራም ይመስላሉ።

ማስቀመጡም እንደ ማንሳቱ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። አብዛኛው ሰው ሲያነሳ ይጠነቀቅና ሲያስቀምጥ ይረሳዋል፤ ጀሪካኗ በአየር ላይ ትተናለች። ጉልበት ታጥፎ መውረድ አለበት፣ ጀሪካኗ መሬት መንካቷን ትከሻሽ ማወቅ አለበት፣ ከዚያ ነው ጣትሽ የሚላቀቀው። ከተላቀቀ በኋላስ? እጀታው መዳፍሽ ላይ መስመር ጥሎበታል። መዳፍሽን እሸት ታደርጊዋለሽ ወይም ጣቶችሽን ታፍታቺያቸዋለሽ። ይቺ ትንሽ ነገር ከተሸከምሽበት መንገድ ሁሉ በላይ ውሃው እንደነበረ ታሳምናለች።

ይህን በሐሳብ አትማሪውም። እውነተኛ ጀሪካን ሙዪና በቤት ውስጥ ተሸክመሽ ሂጂ። ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽሽ። ከዚያ ግማሹን ድፊና ድገሚው። ከዚያ ባዶውን። በመጨረሻ ያለ ጀሪካን፣ ግን ሙሉው እንዳለ አድርገሽ። ቪዲዮዎቹን አነጻጽሪ። እጅሽን ሳይሆን አንገትሽን፣ ጉልበትሽንና የእርምጃሽን ርዝመት እዪ። ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ወይም እናትሽን ጥሪና «ምንድን ነው የያዝኩት?» ሳይሆን «ሙሉ ነው ባዶ?» ብለሽ ጠይቂ። ምን እንደያዝሽ መለየት ቀላል ነው። ሙሉና ባዶውን ከለዩልሽ ግን ሥራው ገብቶሻል።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። እጅሽ ወደ ዕቃው ሲሄድ ልል ይሁን፤ ከዕቃው በትንሹ ሰፋ ብሎ ይከፈት፤ ከዚያ ይዘጋና በዕቃው ልክ ድንገት ይቁም። ሁሉ ነገር ያለው በዚያ መቆም ላይ ነው። ተመልካች ዕቃውን የሚያየው እጅሽ በቆመባት ቅጽበት ነው። ስትለቂ ደግሞ እጅ መጀመሪያ ይከፈታል፣ ከዚያ ይርቃል። ሳትከፍቺ ከራቅሽ ዕቃው እጅሽ ላይ ተጣብቆ አብሮሽ ሄደ ማለት ነው። በመሀል ልኩ መቀየር የለበትም። ወሬ እያወራሽ ጣትሽ ቀስ በቀስ ከተጨበጠ ሲኒዋን ፈጨሻት።

ሲኒ ደግሞ ጆሮ የላትም፤ ትኩስ ናት። ማንም በሙሉ መዳፍ አይጨብጣትም፤ ከከንፈሯና ከሥሯ በጣት ጫፍ ነው። በውስጧ ቡና ካለ አግድም ትሄዳለች፤ ከጠጣሽ በኋላ ግን ወደ ጎን ብታጋድይም ግድ የለም። ይህን ልዩነት ያየ ተመልካች ቡናው ማለቁን ሳትነግሪው ያውቃል።

ቡናው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከጎጃም ተመልካች ፊት ነው የምትቆሚው፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት እናቶች ካንቺም ከእኔም በላይ ያውቁታል። የተሳሳተ ነገር ካዩ «ኧረ ሳታጥቢው!» ብለው ጮክ ብለው ይነግሩሻል፤ እኔ ይህን ዓይነት ተመልካች በጣም ነው የምወደው።

ከአቦል እስከ በረካ እንቀመጥ ካልን ሰዓት ይፈጃል። መድረክ ላይ ያለሽ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። ሁሉንም በፍጥነት ልሥራው ካልሽ እጅሽ ይረበሻል፣ ቃሉም ይጠፋል። ስለዚህ ምረጪ። እኔ ብሆን አራት ነገር እይዛለሁ፦ መቁላት፣ ጭሱን ለእንግዳ ማሽተት፣ መውቀጥ፣ መቅዳት። መታጠቡንና ጀበናው ውስጥ መጨመሩን በአጭሩ ነካ አድርጌ አልፋለሁ፤ ማቀጣጠሉን ትዕይንቱ ሳይጀምር ያለቀ አደርገዋለሁ።

መቁላቱ ጥሩ የሚሆነው በእጅሽ ሳይሆን በፊትሽ ነው። ጭስ አለ፤ ዓይን ይጨመቃል፣ ፊት ዞር ይላል። ሙቀት አለ፤ ክርን ወደ ኋላ ይሸሻል። ቡናው ሲጠቁር እጅሽ ይፈጥናል፣ እንዳያርብሽ። ከዚያ ምጣዱን አንስተሽ ለእንግዳው ታቀርቢለታለሽ፤ እሱም በእጁ ጭሱን ወደ አፍንጫው ይስባል። እዚህ ጋ ልብ በዪ፤ እንግዳውን የሚጫወተው ልጅ ጭሱን በደንብ ከሳበ ምጣዱ አለ፤ ካልሳበ ያንቺ ልፋት ሁሉ ገደል ገባ። ባዶ መድረክ ላይ አንዱ የያዘውን ዕቃ ሌላው ነው እውነት የሚያደርገው።

መውቀጡ ላይ የተለመደው ስሕተት ዘነዘናውን በጉልበት ወደ ታች መግፋት ነው። ዘነዘና ራሱ ይወድቃል፤ ድካሙ ማንሳቱ ላይ ነው። ወደ ላይ ቀስ፣ ወደ ታች ፈጠን። ሲወድቅ ክርንሽ ላይ ትንሽ ንዝረት አለ። ግራ እጅሽ ደግሞ የሙቀጫውን አፍ ይከልላል፣ ቡናው እንዳይፈናጠር። ይቺን ግራ እጅ ብዙ ሰው ይረሳታል።

ሲቀዳ ጀበናው መጀመሪያ ይከብዳል፤ ሲኒዎቹ እየሞሉ ሲሄዱ ይቀልና ማዘንበሉ ይጨምራል። ለመጨረሻው ሲኒ ስትቀጂ አተላው እንዳይመጣ ፍጥነትሽን ትቀንሻለሽ። ጀበናውን ስትመልሺው ከማቶቱ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ክብ ቂጥ ስላለው ትንሽ ዞር ታደርጊውና እስኪረጋ ትጠብቂዋለሽ። ሲኒዎቹ ስንት እንደሆኑም ወስኚ። አምስት ከቀዳሽ አምስት ሰው ይኑር፣ ወይም የማይጠጣው የማን እንደሆነ እንወቅ። የሄደው ልጅ ሲኒ ከሆነ ደግሞ ደራሲያችሁ ያላሰበውን ነገር ሰጠሽው ማለት ነው።

ዓይን። ስለ ዓይን ከሁሉ በላይ አጥብቄ እነግርሻለሁ። ዕቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነኪው ዓይንሽ ከእጅሽ ቀድሞ ይድረስ። ዓይን ነው ርቀቱንና ልኩን የሚናገረው። አንዴ ከያዝሽው በኋላ ግን ተዪው፤ ወደ ሰውየው ወይም ወደ በሩ እዪ። ቡና ስትወቅጥ ሙቀጫዋን ፍጥጥ ብላ የምታይ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ወሬ እያወራች ነው የምትወቅጠው። ሳታዪው እጅሽ በትክክል መሥራቱን ሲቀጥል ያኔ ነው ሰው «ዕቃው አለ» ብሎ እጅ የሚሰጠው።

ስለ እንጀራው አጭር ልሁን። ምጣዱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ሁለት ክንድሽን ይፈልጋል። መድረክ ላይ የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ የሻይ ሰሐን ያክላል፤ ምጣዱን አሰሽው፣ ሊጡን ከዳር ጀምረሽ እያዞርሽ ወደ መሀል አምጪው፣ አክንባሎውን ክደኚ፣ ሰፌዱን ከሥሩ አስገቢ። አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ይመጣል፤ ፊትሽ ከእጅሽ ቀድሞ ይሽሽ። መጠበቁን በቃለ ተውኔት ሙዪው፤ በዚያች ጊዜ ነው ሰው የሚያወራው።

ይህ ዓይነት አሠራር ከየት መጣ ለሚል፣ በዓለም ላይ በጣም ከሚታወቁት ውስጥ የአሜሪካዊው የቶርንተን ዋይልደር «አወር ታውን» አንዱ ነው፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። መጋረጃ የለም፣ ዲኮር የለም፤ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መሰላል ነው ያለው። ሁለት እናቶች በባዶ እጅ ቁርስ ያዘጋጃሉ፣ ፎሶሊያ ይለቅማሉ። ወተት አመላላሹ ከማይታይ ፈረስ ጋር ይመጣል፤ የጠርሙሶቹ መንቃጨል ግን ይሰማል። ታሪኩ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው፣ ሌላ ትልቅ ነገር የለውም። ዕቃዎቹ ቢታዩ ኖሮ የአንድ አገር የአንድ ዘመን ወጥ ቤት ይሆኑ ነበር፤ ስለማይታዩ ሁሉም የራሱን እናት ወጥ ቤት ያስገባበታል። የእናንተም ተመልካች እንደዚያው ነው፤ የቢቸናዋም የዳንግላዋም ሴት የየራሷን ጀበና ነው የምታየው።

ዋይልደር አባቱ ቆንስል ስለነበሩ ልጅነቱን በከፊል ቻይና አሳልፏል። የቻይና ባህላዊ ቴአትር ደግሞ በዚህ የረቀቀ ነው። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ቤተ መንግሥትም ተራራም ይሆናሉ። አለንጋ የያዘ ተዋናይ ፈረስ ላይ ነው። በጣም የታወቀ አንድ ትዕይንት አላቸው፤ ሁለት ሰዎች በድቅድቅ ጨለማ ይዋጋሉ፣ መድረኩ ላይ ግን መብራቱ እንደበራ ነው። ጨለማው ያለው ተዋናዮቹ ሰውነት ውስጥ ነው፦ እየዳበሱ፣ ጆሯቸውን ቀስረው፣ አንዱ በሌላው አፍንጫ ሥር እያለፈ አይተያዩም። ጀልባም አላቸው፤ አንዱ ሲሳፈር ሌላው በጉልበቱ ዝቅ ከፍ ይላል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የጣና ታንኳ ነው የሚመጣብኝ። የደንገል ታንኳ ላይ ሁለተኛ ሰው ሲወጣ የመጀመሪያው እንዴት እንደሚወዛወዝ ባሕር ዳር ሄደሽ ብታዪ፣ ያለ ውሃ ታንኳ መሥራት የምትችዪ ይመስለኛል። እኛ ግን ታንኳ ያለበት ታሪክ ሲመጣልን ከካርቶን እንቆርጣለን።

ማርሴል ማርሶን፣ ማለቴ ፊቱን ነጭ ቀብቶ የሚሠራውን ፈረንሳዊ አይተሽ ከሆነ እሱን አትቅጂ። ድንቅ ሰው ነበር፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። እሱ ያለ ቃል ይሠራል፣ ችሎታው ራሱ ትርኢቱ ነው። አንቺ ቃለ ተውኔት አለሽ፣ ታሪክ አለሽ። እንቅስቃሴሽ እንደ እሱ የተጋነነ ከሆነ ተመልካቹ ልጇን የምትሸኘውን እናት ትቶ ጣትሽን ማድነቅ ይጀምራል። ማድነቁም መሳቁም ለታሪኩ አንድ ናቸው፤ ከታሪኩ ያስወጡታል።

ወደ ቡድኑ ልመለስ፤ ይህ ብቻሽን የምትወጪው ነገር አይደለም። ዕቃ ስትቀባበሉ ሰጪው የሚለቀው ተቀባዩ ክብደቱን ከተረከበ በኋላ ነው። ለአንድ ቅጽበት የሁለታችሁም እጅ ዕቃው ላይ ይሁን። የተቀባዩ እጅ በትንሹ ዝቅ ይበል፣ የሰጪው ቀለል ብሎ ከፍ ይበል። ስኒ ለአባትየው ስትሰጪው በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው ወይስ በአንድ? እሱም ከአሁኑ ይወሰን።

ከዚያ ካርታ። ልምምድ ላይ መሬቱን በጠመኔ ሥሩት፦ በር የት ነው፣ ምድጃ የት ነው፣ የውሃው ቦታ፣ መደቡ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወደ ውጭ? መወርወሪያው በየትኛው በኩል ነው፣ ከፍታውስ ደረት ላይ ነው ወገብ ላይ? አንቺ ደረት ላይ ከፍተሽ ልጁ ወገብ ላይ ከዘጋ በሩ ሁለት ሆነ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ በደብተር ይያዘው፤ ሲሳሳቱ ማንንም ሳይፈራ የሚያስቆም ሰው ይሁን። በጣም የተለመደው ጥፋት በምድጃው ላይ ማለፍ ነው። ጎረቤት ሆና የምትገባዋ ልጅ ቃሏን እያሰበች ጀበናውን ረግጣው ታልፋለች፤ አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። ያኔ ጥፋቱ ያንቺ እጅ አይደለም። ትዕይንቱ ሲያልቅም ሲኒዎቹ አይረሱ። ካላነሳችኋቸው እዚያው ናቸው፤ በሚቀጥለው ትዕይንት አባትየው ክርኑን ሊያስደግፍባቸው ነው።

ቃልና እጅ ላይ ይህን አድርጊ። ቃለ ተውኔትሽን በወረቀት ጻፊና ከጎኑ እጅሽ የሚሠራውን ጻፊ። ቃሉ ሲያልቅ እጅሽ የት ነው? ብዙ ተዋናይ ሲናገር ሥራ ያቆማል፣ ሲሠራ ዝም ይላል፤ እንደዚያ ከሆነ ቤት አይመስልም። መጀመሪያ ሥራውን ያለ ቃል ተለማመጂው፣ እጅ ሳያስብ እስኪሄድ ድረስ። ከዚያ ቃሉን ጨምሪበት። ሥራው የሚቋረጥበትን ቦታ ደግሞ ቆጥበሽ ተጠቀሚበት። ልጁ «ነገ ነው የምሄደው» ሲል እየቀዳሽ ከሆነ፣ እጅሽ ይቁም። ወይም አይቁም፣ ሲኒው ሞልቶ ይፍሰስ፤ ማንም ምንም ሳይል ልጁ ረከቦቱን ሲጠርግልሽ ይታይ። አዘጋጅሽ «ስሜቱ ይኑርሽ» ያለሽ ለእንዲህ ያለው ቦታ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የሚሠራው ከዚያ በፊት ቡናው እውነት ከነበረ ብቻ ነው።

መምህር ከፈለግሽ ገበያ ሂጂ። ከገጠር የመጣ ሰውዬ ስለ ጅብ ወይም ስለ ድንበር ክርክር ሲያወራ ቁጭ ብለሽ እዪው። ጠመንጃው ሳይኖር ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፤ ጅቡ የት እንደቆመ በዓይኑ ታውቂያለሽ። በድሮው በላ ልበልሃ ሙግት ያደጉ አዛውንቶችም እጅና ዱላቸው ምን ያህል እንደሚናገር ታያለሽ። ያለ ቃል በእንቅስቃሴ ብቻ ስለሚሠራው የማይም ጥበብ አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም። ታሪኩን ነው የሚነግሩሽ፤ ዕቃው እግረ መንገዱን ይመጣል።

አሁን ማንም የማያነሳው የአዳራሽ ነገር። የከተሞቻችን አዳራሾች ብዙዎቹ ወለላቸው ሜዳ ነው፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ከፍ አይልም። ቡና ደግሞ በበርጩማ ቁጭ ተብሎ ነው የሚፈላው። ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ሰው ጭንቅላትሽን ብቻ ነው የሚያየው፤ ጀበናሽ የቱንም ያህል ቢያምር አልፈላም ማለት ነው። ስለዚህ በርጩማውን ከፍ ያለ ሣጥን ላይ አድርጊው ወይም ወደ መድረኩ ጫፍ አምጪው፣ እጅሽንም ከጉልበትሽ ከፍ አድርገሽ ሥሪ። ፊትለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብለሽ ተቀመጪ። ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰሽ ከሆነ እጅሽ ከልብሱ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ጥቁር ሹራብ ከደረብሽ ግን ይጠፋል። መብራት አንድ ብቻ ካላችሁ ከፊት ሳይሆን ከጎን ይምጣ፤ ከጎን የመጣ ብርሃን የጣትን ቅርጽ ያወጣል። የመጨረሻውን ልምምድ ቪዲዮ ስትቀርጹ ስልኩን የያዘው ሰው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ከፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ያታልላችኋል።

ድምፅ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ የዘነዘናውን ዱቅ ዱቅ ከጀርባ ያለ ሰው በእንጨት ሊያወጣው ይችላል። ግን ከእጅሽ ጋር እኩል ካልሄደ ባይኖር ይሻላል።

እውነተኛ ሲኒ ስላልሽው። የእኔ መልስ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው። አንድ እውነተኛ ሲኒ መድረኩ ላይ ከገባች ያልገባው ጀበና ውሸት ይሆናል። ተመልካች ሕግ ይፈልጋል፤ «የሚለበስና የሚቀመጡበት እውነት ነው፣ በእጅ የሚያዝ ሁሉ የለም» ካላችሁት በአምስት ደቂቃ ይቀበለዋል። ከተቀበለ በኋላ ስታፈርሱት ግን ግራ ይገባዋል፤ ነጠላሽ ሳይቀር ነጠላ ሆኖ ይቅር፣ አንዴ የሕፃን መጠቅለያ አንዴ ገመድ አይሁን። ሕጉን ማፍረስ የሚቻለው ሆን ተብሎ፣ አንዴ ብቻ፣ ትልቅ ነገር ሲኖር ነው። ዴቪድ ክሮመር በ2009 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ «አወር ታውን»ን ሲያዘጋጅ ሙሉውን በባዶ እጅ አስኬደና በሦስተኛው ገቢር፣ የሞተችው ልጅ ወደ አንድ የልጅነት ቀኗ ስትመለስ፣ መጋረጃ ገልጦ እውነተኛ ወጥ ቤት አሳየ። እሳቱ እውነተኛ፣ ሥጋውም ምድጃ ላይ እየተጠበሰ፣ ሽታው አዳራሹን ሞላው። ያ የሠራው ሁለት ገቢር ሙሉ ሰዉ ዕቃ ስላላየ ነው። የእናንተ ተውኔት እንዲህ ያለ ቦታ ካለው ከአዘጋጁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ከሌለው ሲኒዋ ቤት ትቅር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጀሪካኗን ሙዪና ጀምሪ። ቪዲዮውን ከቀረጻችሁ ላኪልኝ፤ የምታስቀምጪበትን ቦታ በተለይ ማየት እፈልጋለሁ።